የኔ ወንዝ፣ ያንተ መንገድ፦ ከሳን ሁዋን ክርክር ያልተማርነው

«ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይሉ ነበር አባቶቻችን። የዛሬዎቹ ፖለቲከኞቻችንና የፖለቲካ ተንታኞቻችን ግን ምክሩን ገልብጠው የያዙት ይመስላል፤ ውሃው ሲሞላ ዘለው ይገባሉ፣ ዳኛ ሲቀመጥ ያኮርፋሉ። የወንዝ ወይም የባሕር በር ነገር በተነሣ ቁጥር በየመድረኩ የሚሰሙት ሁለት ጩኸቶች ናቸው። የመጀመሪያው «ሉዓላዊነት!» ይላል። ወንዙ የኔ ከሆነ ማን እንደሚያልፍበትና ማን እንደማያልፍበት የምወስነው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ የማልፍበትም የራሴ ንብረት ካልሆነ መንገድ አይባልም ማለቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ዓለም አቀፍ ሕግ የጉልበተኞች መጫወቻ ነው» ይላል። ስለዚህ ውል ማንበብ፣ ቃል መመዘን፣ ዳኛ ፊት መቆም የሞኝ ሥራ ነው ማለቱ ነው።

ሁለቱ ጩኸቶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይምሰሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የሚገላግሉን ከአንድ አድካሚ ሥራ ነው፤ ወረቀቱን ገልጦ ከማንበብ። ይህ ጸሐፊ በሁለቱም ላይ የሚጠራው ምስክር ከኛ ሰፈር አይደለም። ምስክሩ ከማዕከላዊ አሜሪካ የሚመጣ፣ ኒካራጓንና ኮስታ ሪካን ከ150 ዓመት በላይ ያካሰሰ ሳን ሁዋን የተባለ ወንዝ ነው። አንባቢ «ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» ቢለኝ፣ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ እላለሁ። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዙና ሦስቱ ቃላት

ሳን ሁዋን ከኒካራጓ ሐይቅ ተነሥቶ ወደ 205 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ካሪብያን ባሕር ይገባል። ዛሬ ዝምተኛ የጫካ ወንዝ ነው። በ1850ዎቹ ግን እንዲህ አልነበረም። የካሊፎርኒያ ወርቅ የዓለምን ቀልብ በሳበበት በዚያ ዘመን የፓናማ ቦይ ገና አልተቆፈረም ነበርና፣ ከኒው ዮርክ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚጣደፈው ሰው አንዱ አቋራጩ ይህ ወንዝ ነበር። የቫንደርቢልት ኩባንያ የእንፋሎት ጀልባዎች መንገደኞችን በሺህ እየጫኑ ይመላለሱበት ነበር። የውቅያኖስ መሸጋገሪያ ቦይ ይቆፈርበታል የሚል ተስፋም በወንዙ ላይ ያንዣብብ ነበር። ዊልያም ዎከር የተባለው አሜሪካዊ ጀብደኛ ኒካራጓን በጦር ይዞ ራሱን ፕሬዚዳንት ያደረገውም በዚሁ ዘመን ነው።

ዎከር ከተባረረ በኋላ ሁለቱ ጎረቤቶች ሚያዝያ 15 ቀን 1858 የድንበር ውል ተፈራረሙ። በተፈራራሚዎቹ ስም የካኛስና የሄሬዝ ውል ይባላል። አንቀጽ 6 የውሉ ልብ ነው። በወንዙ ውሃ ላይ ያለው ባለቤትነትና የበላይ ሥልጣን ሙሉ በሙሉ የኒካራጓ እንዲሆን ተወሰነ። ልብ በሉ፤ ወንዝ ድንበር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ መሐል ውሃው ላይ ይሰመራል። እዚህ ግን በታችኛው የወንዙ ክፍል ድንበሩ የኮስታ ሪካ ዳርቻ ነው፤ ኮስታ ሪካዊው እግሩን ውሃው ውስጥ ባስገባ ቅጽበት ሰው አገር ገባ ማለት ነው። በዚህ ፈንታ ኮስታ ሪካ ከካስቲዮ ቪዬሆ ምሽግ ሦስት የእንግሊዝ ማይል ዝቅ ብሎ ካለው ቦታ ጀምሮ እስከ ባሕሩ ድረስ «ዘላለማዊ» የሆነ «ነጻ» የመመላለስ መብት ተሰጣት። ለምን ዓላማ? «ኮን ኦብሔቶስ ዴ ኮሜርስዮ» ይላል ስፓኒሹ። ለንግድ ዓላማ፤ ወይስ ከንግድ ዕቃ ጋር? የክፍለ ዘመን ተኩል ጠብ የበቀለው ከዚህች ሐረግ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ልንገረም አይገባም። በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎ ማስቀመጡ ምን እንዳስከተለ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል።

የክርክሩ መንገድ

ጠቡ እንደ ተጀመረ ወደ ጦር አልሄደም። ኒካራጓ ውሉ ራሱ አይጸናም ብላ ስትነሣ፣ ሁለቱ አገሮች የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድን ሽማግሌ አድርገው መረጡ። ክሊቭላንድ በመጋቢት 1888 በሰጠው ፍርድ ውሉ የጸና ነው አለ፤ ኮስታ ሪካ በጦር መርከብ የመመላለስ መብት እንደሌላትና የጉምሩክ ጀልባዎቿ ግን ከንግዱ መብት ጋር በተያያዘ መጠን ሊሄዱ እንደሚችሉም ወሰነ።

ከዚያ በ1914 ኒካራጓ በብራያንና ቻሞሮ ውል የቦይ መቆፈሪያ መብቷን በ3 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ሰጠች። ጎረቤቷን ሳታማክር ነበር። ኮስታ ሪካ በማዕከላዊ አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰቻት፣ በ1916ም ረታች። ኒካራጓ ግን ፍርዱን አልቀበልም አለች፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1918 ተበተነ። ዓለም አቀፍ ሕግ የጉልበተኛ መጫወቻ ነው የሚሉ ወገኖች ይህን ታሪክ ቢጠቅሱልኝ አልከራከራቸውም፤ እውነት ነውና። ግን ታሪኩ እዚህ አያበቃም።

በሐምሌ 1998 ኒካራጓ የኮስታ ሪካ ፖሊሶች የጦር መሣሪያቸውን ይዘው በወንዙ እንዳይሄዱ ከለከለች። በዚያው ወር ባለሥልጣናት ተገናኝተው አንድ የጋራ መግለጫ ቢያወጡም፣ ኒካራጓ ብዙ ሳትቆይ መግለጫው ዋጋ የለውም ብላ ተወችው። እያደር ክልከላው ከፖሊሱ አልፎ ወደ መንገደኛው ወረደ። የቱሪስት ጀልባዎች ኬላ ላይ እየቆሙ የመነሻ ፈቃድ፣ የቱሪስት ካርድ፣ ቆይቶም ቪዛ ይጠየቁ፣ ክፍያም ይከፍሉ ጀመር። በ2002 ሁለቱ መንግሥታት ለሦስት ዓመት ላለመካሰስ ተስማሙ። ሦስቱ ዓመታት ያለ ፍሬ ሲያልቁ፣ በመስከረም 2005 መጨረሻ ኮስታ ሪካ ሄግ ላለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አቤት አለች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የምናስበው ነገር አለ። ኮስታ ሪካ ከ1948 ጀምሮ መደበኛ ጦር የላትም። «ሉዓላዊነት በአፈሙዝ ነው» የሚለው ትምህርት ለርሷ ምንም አይፈይዳትም ነበር። የነበራት አንድ ያረጀ ወረቀትና ያን ወረቀት መስመር በመስመር የሚያነቡ ሰዎች ናቸው።

ዳኞቹ ምን አሉ?

ፍርዱ የተሰጠው ሐምሌ 13 ቀን 2009 ነው። ኒካራጓ ሁለት ምሽግ ይዛ ተከራከረች። የመጀመሪያው፣ በሉዓላዊ ሥልጣን ላይ የሚጣል ገደብ ሁሉ በጠባቡ መነበብ አለበት የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም። አንድ መንግሥት ሥልጣኑን ገደበ ብሎ በቀላሉ መገመት እንደማይገባ ተስማምቶ፣ ነገር ግን ውሉ ተጽፎ ሲቀመጥ እንደ ማንኛውም ውል በቃሉና በዓላማው ይነበባል እንጂ አስቀድሞ ወደ ጠባቡ አይገፋም አለ። አንቀጽ 6 ለአንዱ ባለቤትነት፣ ለሌላው መንገድ ሲሰጥ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጧልና፣ አንዱን አንጋሦ ሌላውን ልመና ማድረግ አይቻልም።

ሁለተኛው ምሽግ የቃሉ ትርጉም ነው። «ኦብሔቶስ» ዕቃ ማለት ነው፣ ስለዚህ መብቱ ሸቀጥ ለጫነ ጀልባ ብቻ ነው አለች ኒካራጓ። ዳኞቹ ሐረጉን በሙሉ ሲያነቡት ትርጉሙ «ለንግድ ዓላማ» መሆኑን አገኙ። እንዲያውም ሁለቱ አገሮች በ1880ዎቹ ለክሊቭላንድ ያቀረቧቸው የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ሲገለጡ፣ ሁለቱም ሐረጉን የተረጎሙት «ለንግድ ዓላማ» ብለው ነበር። የኒካራጓ የራሷ ወረቀት መሰከረባት። ኒካራጓ ቀጥላ፣ እሺ ንግድ ይሁን፤ በ1858 ግን ንግድ ማለት የዕቃ መሸጥና መለወጥ እንጂ ሰው ማመላለስ አልነበረም አለች። ፍርድ ቤቱ የመለሰው መልስ በዓለም አቀፍ ሕግ ትምህርት ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ ሰዎች «ዘላለማዊ» በሆነ ውል ውስጥ «ንግድ» የሚል ሰፊና ጥቅል ቃል ሲያስገቡ፣ የቃሉ ይዘት ከዘመኑ ጋር እንደሚያድግ አውቀው እንዳስገቡት ይቆጠራል። ስለዚህ በክፍያ መንገደኛ ማጓጓዝ፣ ቱሪስቱንም ጨምሮ፣ ንግድ ነው።

ፍርዱ ግን የአንድ ወገን ድል አልነበረም፤ የምወደውም ለዚህ ነው። ቪዛና የቱሪስት ካርድ መጠየቅ አይቻልም ተባለ፤ የጸና መብትን ፈቃድ ማድረግ ነውና። ለመነሻ የምስክር ወረቀት ክፍያ መጠየቅም አይቻልም። ነገር ግን ጀልባዎቹ ቆመው መመርመራቸው፣ መንገደኞች መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ማሳየታቸው፣ በሌሊት አለመሄዳቸው፣ በተወሰነላቸው ሰዓት መጓዛቸው ሕጋዊ ነው ተባለ። ባለወንዙ ሥርዓት የማውጣት ሥልጣን አለው፤ ሥርዓቱ ግን መብቱን የሚያመክን፣ ከውሉ የሚጋጭ፣ ያለ በቂ ምክንያት የወጣ፣ አድሏዊ ወይም ከልክ ያለፈ መሆን የለበትም።

ኮስታ ሪካም የሚያስከፋትን ሰማች። ሁሉ ነገር የተጀመረው በታጠቁ ፖሊሶቿ ነበር። በዚህ ነጥብ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ፣ የፖሊስ ሥራ ለሚሠሩ ጀልባዎችም ሆነ የጠረፍ ኬላ ጠባቂዎችን ለማመላለስ በውሉ የተሰጠ መብት የለም አሉ። ንግድ የሚለው ቃል ቢያድግ ቱሪስት ይሆናል እንጂ ጠመንጃ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን በሁለቱ ዋና ከተሞች ጩኸት መሐል የተረሱት የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ናቸው። ውሉ ስለነርሱ አንድ ቃል አይናገርም። ፍርድ ቤቱ ግን፣ በዚያ በረሃ መሰል ጫካ ውስጥ መንገዱ ወንዙ ብቻ እንደ ነበር እያወቁ፣ የውሉ ጸሐፊዎች ሰዎቹን ከዕለት ኑሯቸው ሊቆርጧቸው አስበው ነበር ማለት አይቻልም አለ። ከመንደር ወደ መንደር ለዕለት ፍላጎታቸው መመላለስ ይችላሉ። ከዳርቻቸው ሆነው ለጉርሳቸው ዓሣ ማጥመዳቸውም በቆየ ልማድ የጸና መብት ነው ተባለ። ልማድ መብት ሆነ። ባልተጻፈ ነገር ድኻ ሲረታ ማየት በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ታሪክ የዘወትር ነገር አይደለም።

በገጠር ያደገ ሰው ይህን ሁሉ ያለ ሄግ ያውቀዋል። ምንጩ ያለው በአንድ ሰው ማሳ ውስጥ ነው፤ መንደሩ የሚቀዳው ግን ከዚያ ነው። መሬቱ የባለመሬቱ ነው፣ ግብሩን የሚከፍለውም እሱ ነው፤ መንገዱን ግን አያርሰውም። ውሃ ቀጂዋም በመንገዱ ታልፋለች እንጂ በማሳው ውስጥ ጎጆ አትቀልስም።

ለተቃዋሚዎቼ

«የቃል ትርጉም ከዘመን ጋር ያድጋል ማለት ለጠንካራው በር መክፈት ነው» የሚል ተቃውሞ ይኖራል። ቀላል ተቃውሞ አይደለም። በራሱ በችሎቱ ውስጥም የተፈራረሙት ሰዎች ባላሰቡት ትርጉም መፍረድ አያስፈልግም ነበር ያሉ ዳኞች ነበሩ። እኔም እላለሁ፤ ማንኛውም ቃል ሁሉ ያድጋል ከተባለ ውል የሚባል ነገር ትርጉም ያጣል። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ሁለት ሁኔታዎችን አስቀምጧል፤ ቃሉ ጥቅል መሆን አለበት፣ ውሉም ጊዜ ያልተቆረጠለት መሆን አለበት። ለሌላው ዓይነት ቃል መንገዱ ዝግ ነው። ደግሞስ በ1858 ንግድ ዕቃ ብቻ ነበር የሚለው ክርክር፣ የቫንደርቢልት ጀልባዎች በዚያው ወንዝ ላይ ሰው በክፍያ ሲያመላልሱ ላየ ሰው እንዴት ይዋጥለታል?

«ነጻ የወንዝ ጉዞ ማለት የቅኝ ገዢዎች መፈክር ነው» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት ነው። በ1884 እና 1885 በበርሊን ጉባኤ የኮንጎና የኒጀር ወንዞች ለሁሉም መርከብ ክፍት ይሁኑ ሲባል የወንዙን ልጆች የጠየቀ አልነበረም። ታዲያ መብቱን ቅኝ ገዢው ተጠቅሞበታልና አፍሪካዊው ይጣለው? ቦትስዋናና ናሚቢያ በቾቤ ወንዝ ላይ ስላለችው ካሲኪሊ ወይም ሰዱዱ ደሴት ሲከራከሩ የተማመኑት በ1890 እንግሊዝና ጀርመን በተፈራረሙት ውል ላይ ነው። በታኅሣሥ 1999 ደሴቲቱ ለቦትስዋና ተፈረደች፤ በደሴቲቱ ዙሪያ ባሉት ሁለት የውሃ መስመሮች ግን የሁለቱ አገር ሰዎችና ጀልባዎች እኩል መስተንግዶ እንዲኖራቸው ተወሰነ። ሁለት አፍሪካውያን ጎረቤቶች የቅኝ ገዢዎችን ወረቀት ይዘው ያለ ጥይት ተለያዩ። ይህ ነውር ከሆነ እንዲህ ያለውን ነውር ያብዛልን።

«ፍርድ ጠብ አያቆምም» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። እውነት ነው፣ አላቆመም። ፍርዱ ከተሰጠ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት እንዳለፈው፣ በጥቅምት 2010 ኒካራጓ የወንዙን ደለል መጥረግ ጀመረች፤ በወንዙ አፍ አጠገብ ባለ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ረግረግ መሬትም ቦይ ቆረጠች፣ ወታደርም አሰፈረች። የሥራው ኃላፊ የቀድሞው የሽምቅ ተዋጊ ኤደን ፓስቶራ ድንበሩን በጉግል ካርታ ሲያስረዱ ተሰሙ፤ ጉግል በበኩሉ ካርታው ስሕተት እንዳለበት አመነ። ኮስታ ሪካ በኅዳር እንደገና ከሰሰች። እርሷም ከእጇ ንጹሕ አልነበረችም፤ ወንዙን ተከትሎ ወደ 160 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በጥድፊያ መሥራት ጀመረችና ኒካራጓ በተራዋ በ2011 መጨረሻ ከሰሰቻት። በታኅሣሥ 2015 ፍርድ ቤቱ መሬቱ የኮስታ ሪካ መሆኑን፣ ኒካራጓ ድንበር መጣሷንና የመመላለስ መብቷንም መንካቷን፣ ኮስታ ሪካም መንገዱን ስትሠራ ሊደርስ የሚችለውን የተፈጥሮ ጉዳት አስቀድማ ባለማጥናቷ ግዴታዋን መጣሷን ወሰነ። በየካቲት 2018 የካሣው ልክ ተቆረጠ። ኮስታ ሪካ የጠየቀችው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ የተፈረደላት ከነወለዱ 378,890 ዶላር ከ59 ሳንቲም ነው። ኒካራጓ በሚቀጥለው ወር ከፈለች።

ከፈለች! በ1916 «አልቀበልም» ያለችው ያችው አገር ናት። በ1986 ታላቋን አሜሪካን በዚሁ ፍርድ ቤት ረትታ፣ ተረቺዋ ፍርዱን አልቀበልም ስትላት በዓለም ፊት የጮኸችውም ያችው ኒካራጓ ናት። ሕግ ተአምር አይሠራም። ጠብን ግን ከጦር ሜዳ ወደ ሒሳብ መዝገብ ያወርዳል፤ እስከ ሳንቲሟ ድረስ። በድንበር ሰበብ የልጆቹን ሬሳ በሺዎች የቆጠረ አገር ዜጋ ይህን ቢንቅ ያሳፍራል።

ወደ ቤታችን

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛም የወንዝ ላይ ጉዞ ውል ያውቀናል። ግንቦት 15 ቀን 1902 ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አካባቢ የወንዝ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ተሰጠ። የጋምቤላ ወደብ እንዲህ ተወለደ፤ ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከሱዳን እየወጡ ቡናችንን ጭነው ይመለሱ ነበር። አንባቢ የውሉን ቃል ልብ ይበል። ጣቢያው ለፖለቲካም ለጦርም ሥራ አይውልም ይላል። ኪራዩም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው ይላል። በጥር 1956 ሱዳን ነጻ ስትወጣ የውሉ ጊዜ በራሱ ቃል አበቃ፤ ጋምቤላም በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። በአንድ በኩል «ዘላለማዊ»፣ በሌላ በኩል «እስካለች ድረስ»። ኒካራጓ በመጀመሪያው ቃል ለዘላለም ታሰረች፤ እኛ በሁለተኛው ነጻ ወጣን።

በዚያው የ1902 ውል አንቀጽ 3 ስለ ጥቁር ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት የተጻፈውን ደግሞ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ለመቶ ዓመት ራሳችንን አሳምሞናል። ስለርሱ ስንከራከር በመድረኮቻችን የሚበዛው «ሉዓላዊ አገር ነን፣ አይገድበንም» የሚለው ነው። የ2009ኙ ፍርድ የሚነግረን ግን፣ ሉዓላዊነትን ጠርቶ ውልን በጠባቡ ለማስነበብ መሞከር እንደማያዋጣ ነው። የሚያዋጣው የቃል ክርክር ነው፤ ውሉ የሚናገረው ወንዝን ስለ መድፈን፣ ፍሰቱን ስለ ማቆም ነው፤ በውሃው ስለ መጠቀም አይደለም የሚለው። ስለ 1929ና 1959 ስምምነቶችም ቢሆን መልሳችን ባዶ ቁጣ ሳይሆን አጭርና ደረቅ ነው፦ አልፈረምንም፣ ስለዚህ አያስሩንም። አጭሩ መልስ እያለ ረጅሙን ጩኸት የምንመርጠው ለምንድን ነው?

የዳኛ ነገር ከተነሣ የራሳችንን ታሪክ በሐቀኝነት እንንገር። ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና በ1960 ደቡብ አፍሪካን ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የከሰሰች፣ በ1966 ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፍሎ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ክሷ ውድቅ የሆነባት አገር ናት። ፍርዱ ያሳዝን ነበር፤ አቤት ማለቷ ግን ክብሯ ነበር። በሌላ በኩል በ2000 በአልጀርስ «የመጨረሻና አስገዳጅ» ብለን የፈረምንበት የድንበር ኮሚሽን በ2002 ሲወስን፣ ባድመ ላይ ያልፈለግነውን ስንሰማ ዳኛውን መውቀስ ጀመርን። ከ16 ዓመት በኋላ በ2018 ሙሉ በሙሉ እንቀበላለን ተባለ። በመሐሉ ያለፈውን ዘመን ማን ይመልስልናል? ዳኛ የሚከበረው ስንረታ ብቻ ከሆነ፣ ያ ዳኛ አይደለም፣ አጨብጫቢ ነው።

ዛሬ ደግሞ የባሕር በር ጥያቄ የየዕለት ወሬያችን ሆኗል። በጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ያስነሣውን አቧራ፣ በታኅሣሥ 2024 በአንካራ ከሶማሊያ ጋር የወጣውን የጋራ መግለጫ ሁላችን ተከታትለናል። ጥያቄው የሕልውና ጥያቄ መሆኑን አልክድም። የምጠይቀው ስለ አጠያየቁ ነው። አንዳንዱ ወገናችን «ባለቤትነት ካልሆነ ዋጋ የለውም» ይላል። ሳን ሁዋን ተቃራኒውን ይመሰክራል። ኮስታ ሪካ ከወንዙ ውሃ አንዲት ጠብታ የርሷ አይደለም፤ ነገር ግን ቪዛ ሳትጠየቅ፣ ቀረጥ ሳትከፍል፣ ለዘላለም ትመላለስበታለች። ባለቤት ያልሆነ ባለመብት ይሏል ይህ ነው። እኛ ደግሞ ለዓመታት የተጓዝነው በወደብ ኪራይና በመሪዎች ወዳጅነት ነው፤ መሪ ሲቀየር ወዳጅነቱ ይቀየራል፣ የጸና ቃል ግን ተፈራራሚው ቢሞትም ይኖራል።

ደግሞስ እኛ ከጎረቤት መንገድ የምንጠይቅ ሰዎች በራሳችን ወንዝ ላይ ለጎረቤት ምን እንላለን? ባሮ ከጋምቤላ በታች ከደቡብ ሱዳን ጋር ድንበር የሚሆንበት ክፍል አለ። ኑዌሩና አኙዋኩ በሁለቱም ዳር ይኖራል፤ ዘመዱን ሊጠይቅ፣ ገበያ ሊወጣ፣ ዓሣ ሊያጠምድ በታንኳ ይሻገራል። የደቡብ ሱዳን ሰላም ጸንቶ አንድ ቀን ጀልባዎች በሶባትና በባሮ እንደገና መመላለስ ቢጀምሩ፣ ጥያቄዎቹ ያው የሳን ሁዋን ጥያቄዎች ናቸው። የታጠቀ ያልፋል ወይስ አያልፍም? መንገደኛው የሚያሳየው መታወቂያ ነው ወይስ ቪዛ? ለኬላው ማን ይከፍላል? ታንኳ ያለው ዓሣ አጥማጅ እንደ ነጋዴ መርከብ ይቆጠራል? ደለሉን ማን ይጠርጋል፣ ጠርጎስ የት ይደፋዋል? ውሉ ለስንት ዓመት ነው? የሁለቱ ቋንቋ ቅጂዎች ቢለያዩ የቱ ይጸናል? እነዚህን ጥያቄዎች ጠብ ሳይነሣ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ የውሃ ሕግ አዋቂ፣ የካርታ አዋቂ፣ ቋንቋ አዋቂ ስንት አፍርተናል? መፈክር አርቃቂ ግን ሞልቶናል።

ጦር የሌላት ትንሽ አገር በአንድ ሐረግ የዘመናት መብቷን አስከበረች። ያንኑ ሐረግ ከሚፈቅደው በላይ ልትለጥጠው ስትሞክር ደግሞ ዳኛ መለሳት። ባለወንዙም ወንዙን አላጣም፤ ያጣው በመንገደኛ ላይ እንዳሻው የመሆን ልማዱን ብቻ ነው። ይህን ታሪክ «የሩቅ አገር ወሬ» ብሎ የሚያልፍ ባለሥልጣን ነገ በባሮ ወይም በቀይ ባሕር ውል ላይ ሲፈርም፣ የፈረመበትን ቃል ትርጉም የሚነግረው የሌላው ወገን ጠበቃ ይሆናል። ያን ጊዜ ደግሞ ውሃው ሞልቶ፣ ዳኛውም ተነሥቶ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።